«ሄኤ ናሉ» በትክክል ምን ማለት ነው? ሚሲዮናውያኑስ እውነት ሰርፊንግን ከልክለው ነበር?

የማታ_አንባቢዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ስለ ሃዋይ የጥንት ሰርፊንግ ሳነብ እያመሸሁ ነው። አንዱን ስጨርስ ሌላው ይከፈታል፣ እና ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ ብሷል። አንድ ቦታ ላይ የሃዋይ ሰዎች ጨዋታውን «ሄኤ ናሉ» ይሉታል፣ ትርጉሙም «ሞገድ ላይ መንሸራተት» ነው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ከሞገድ ጋር አንድ መሆን» ነው ይላል። የትኛው ነው ልክ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ታሪኩ ላይ ነው። የትም ብሄድ የማገኘው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በ1820 መጡ፣ ሰርፊንግን ከለከሉ፣ ጨዋታው ጠፋ፣ ከዚያ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነጮች መጥተው ነፍስ ዘሩበት (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እውነቱን ለመናገር ይኼ ነገር አልተዋጠልኝም። አንድ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጫወትበት የኖረውን ባሕር በስብከት ብቻ ጥሎ ይወጣል እንዴ? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። ቢረዝምም አነባለሁ።

ቃል_ለቃሚ፦

እንኳን ጠየቅሽ። ከቃሉ ልጀምር።

«ናሉ» ሞገድ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። «ሄኤ» ግን ሰፋ ያለ ቃል ነው። መንሸራተትም፣ መፍሰስም፣ መቅለጥም ሄኤ ነው። በጦርነት ተሸንፎ የሚፈረጥጥ ሠራዊትም በዚሁ ቃል ይገለጻል። ኦክቶፐስም ስሙ ሄኤ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርጉም ልክ ነው። «ከሞገድ ጋር አንድ መሆን» የሚለው ከቃሉ ውስጥ አይወጣም፣ ሰዎች ኋላ የጨመሩበት ጌጥ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን «ናሉ» ነው። በሃዋይ ቋንቋ ናሉ ማለት ማሰላሰል፣ አንድን ነገር በልብ ማመላለስም ነው። እኛ «የሐሳብ ማዕበል» ለማለት ሁለት ቃል እንፈልጋለን፣ እነሱ በአንዱ ይጨርሱታል። ሕፃን በማህፀን ውስጥ የሚንሳፈፍበት የእንሽርት ውሃም ናሉ ይባላል። እንዲህ ያለ ቃል እያለ ጌጥ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል?

ደግሞ ለሞገድ ያላቸውን የቃል ሀብት እይ። ሳይሰበር ዝቅ ብሎ የሚያብጠው «ኦሁ» ነው። ፊቱ ገደል ሆኖ የሚጠቀለለው «ካካላ»። ሳይደክም ሩቅ ድረስ የሚዘልቀው «ኦናኡሉ ሎአ»። ሁለት ሞገዶች ተጋጭተው ሽቅብ ሲነሡ «ሁያ»። ሞገዱን ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ እየቆረጡ መሄድ «ላላ» ነው (ከእኛ «ላላ» ጋር አይገናኝም)። ያለ ሰሌዳ በደረት መንሸራተት «ካሃ ናሉ»፣ በታንኳ ከሆነ «ፓካ ዋአ»። አንድ ደግሞ አለ፣ «ሌሌ ዋአ» የሚባል፤ ሰሌዳ ይዞ ከታንኳ ላይ በቀጥታ ሞገዱ ውስጥ መዝለል። ይኼን ሁሉ ቃል ያወጣ ሕዝብ ባሕሩን በዕረፍት ቀን ብቻ የሚያይ ሕዝብ አልነበረም።

ጠራቢው፦

በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ቋንቋውን ለቃል_ለቃሚ ትቼ ስለ ሰሌዳዎቹ ልናገር። ጥያቄው ይኼ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሰሌዳውን ሳያዩ ጨዋታውን መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ሰሌዳ በጠቅላላው «ፓፓ ሄኤ ናሉ» ነው። ትንሹ «ፓይፖ» ይባላል፣ በደረት የሚተኙበት። መካከለኛውና ብዙ ሰው የሚጠቀምበት «አላያ» ነው፤ ስስ ነው፣ ከፊት ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። የሚሠራውም «ኮአ» ከሚባለው ጠንካራ የግራር ዘመድ ወይም ከዳቦ ፍሬ ዛፍ ነው። ትልቁ «ኦሎ» ነው። ኦሎ የመኳንንት ነበር፣ እንጨቱም «ዊሊዊሊ» የሚባለው ቀላል እንጨት። አብነር ፓኪ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ አለቃ የነዳው ሰሌዳ እስከ ዛሬ ሆኖሉሉ ውስጥ ቢሾፕ ሙዚየም ተቀምጧል። ርዝመቱ 5 ሜትር ይጠጋል፣ ክብደቱ ወደ 70 ኪሎ ነው። የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ያለው ጣውላ ማለት ነው! ከሥሩ አቅጣጫ የሚይዝለት ክንፍ የለውም፣ ከእግር ጋር የሚያስረው ገመድም የለም። ካመለጠህ አመለጠህ፣ እየዋኘህ ትከተለዋለህ።

አሠራሩ ነው ልቤን የሚነካው። ዛፉ ከመቆረጡ በፊት «ኩሙ» የሚባል ቀይ ዓሣ ይቀርብለታል፤ ጸሎት ተደርጎ ዓሣው ሥሩ አጠገብ ይቀበራል። ከዚያ ግንዱ በድንጋይ መጥረቢያ ተጠርቦ ቅርጽ ይይዛል። ብረት የለም እኮ። የመጥረቢያውን ጠባሳ በሻካራ የኮራል ድንጋይ እየፈተጉ ያጠፉታል። እንጨት በእጁ አሸዋ ወረቀት የፈተገ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ ጋ የሚያልቀው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ሲለሰልስ ከ«ኩኩዪ» ዛፍ ልጥ በተጨመቀ ጭማቂ ወይም ከፍሬው በተገኘ ጥላሸት ያጠቁሩታል፣ በላዩ ላይ የኩኩዪ ዘይት ይቀባል። ከባሕር በተመለሱ ቁጥር ደግሞ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ የኮኮናት ዘይት ይቀቡታል፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ይሰቅሉታል። ይህንን የመጨረሻውን የጻፈው በ1823 ሃዋይን የዞረው ዊልያም ኤሊስ ነው። ሚሲዮናዊ ነበር፤ ያየውንም በአድናቆት ነው የጻፈው። ለሁለተኛው ጥያቄሽ ይጠቅምሻል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጆን ፓፓ ኢኢ የሚባል በቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው አላያ ሻካራ ሞገድ ላይ ሲወጣ በነጂው ሆድና ደረት ሥር እንደሚንቀጠቀጥ ጽፏል። ኦሎ ደግሞ እያበጠ ወደ ዳር ለሚመጣ ሞገድ ጥሩ ነው፣ ለሚጠቀለለው ግን አይሆንም ይላል። ይኼን የሚጽፍ ሰው ከዳር ቆሞ ያየ አይደለም። ጣውላው በሆዱ ሥር ሲንቀጠቀጥ የተሰማው ሰው ነው።

የማታ_አንባቢዋ፦

አቤት! አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ጠራቢው፣ የዓሣው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ግን የክልከላው ጉዳይስ? ኤሊስ ሚሲዮናዊ ሆኖ ካደነቀ ማን ከለከለ?

ዘመን_ቆጣሪ፦

ይኼን እኔ ልመልስ፤ ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ።

ሰርፊንግን በስሙ ጠርቶ የከለከለ አገር አቀፍ ሕግ አልወጣም። ከሁላ ጭፈራ ጋር ያምታቱታል። ሁላን በአደባባይ እንዳይጨፈር በ1830 ያገደችው ካአሁማኑ ናት፤ ክርስትናን የተቀበለች ኃያል ንግሥት። ሰርፊንግ ላይ ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የለም። ጠፋ የሚለውም ልክ አይደለም። ቀነሰ፣ አዎ፣ በጣም ቀነሰ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፣ ከስብከትም የከፋ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ ሃዋይ የደረሰው በ1778 ነው። በዓመቱ በኬአላኬኩዋ ሰላጤ ከተገደለ በኋላ መዝገቡን የጨረሰው ሌተናንት ጄምስ ኪንግ ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ረጃጅም ሰሌዳ ይዘው ሲወጡ ማየቱን ጽፏል። ያኔ ሰርፊንግ ከሃይማኖቱና ከዓመቱ ዑደት ጋር የተሳሰረ ነበር። «ማካሂኪ» የሚባለው፣ ሎኖ ለሚሉት አምላክ የተሰጠ ወቅት አራት ወር ገደማ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ ጦርነት ክልክል ነው፣ ሕዝቡ ይጫወታል፣ ይወራረዳል። በኮና አውራጃ ካሃሉኡ ላይ «ኩኤማኑ» የሚባል የድንጋይ ቤተ መቅደስ ከሞገዱ ፊት ለፊት ቆሟል፣ መኳንንቱ ለሰርፊንግ የሚጸልዩበት። አጠገቡ ከባሕር ሲወጡ ጨው የሚታጠቡበት ገንዳ አለው።

ይኼ ሥርዓት የፈረሰው በ1819 ነው። ካሜሃሜሃ እንደሞተ ልጁ ሊሆሊሆ፣ ካአሁማኑና የሊሆሊሆ እናት ኬኦፑኦላኒ ሆነው «ካፑ» የሚባለውን የክልከላ ሕግ ራሳቸው ሻሩት። ሚሲዮናውያኑ ገና አልደረሱም ነበር። ሲደርሱ ያገኙት ጣኦቱ የተቃጠለበት፣ ማካሂኪው የቀረበት አገር ነው።

ከዚያ በሽታው አለ። ይኼን ስጽፍ ሁልጊዜ እጄ ይከብደኛል። ራሱ ንጉሥ ሊሆሊሆና ባለቤቱ ካማማሉ በ1824 ለንደን ሄደው በኩፍኝ ሞቱ። በ1848 ኩፍኝ አገሩ ውስጥ ገባ። በ1853 ፈንጣጣ መጣ። ኩክ ሲመጣ ምን ያህል ሕዝብ ነበር የሚለው ያከራክራል፣ ግን ብዙ መቶ ሺህ ነበር። በ1890ዎቹ የሃዋይ ተወላጆች፣ ቅይጦቹን ጨምሮ፣ ወደ 40 ሺህ ወርደዋል። የተረፈው ደግሞ ሰንደል እንጨት ከተራራ ሲያወርድ፣ ኋላ ሸንኮራ ማሳ ላይ ሲውል ጊዜ ከየት ያምጣ? መንደሩ ግማሹ ተቀብሮ ሞገዱ ላይ ማን ይወጣል? ሞገዱ ባዶ የሆነው ሰው ስላለቀ ነው።

ነገሩን_ያዝ፦

አክብሬህ ነው ዘመን_ቆጣሪ፣ ግን ሚሲዮናውያኑን ሙሉ በሙሉ ነጻ ማውጣትህ አይዋጥልኝም። ሕግ አለመኖሩ ተጽዕኖ አልነበረም ማለት አይደለም። ራቁት መሆን ነውር ነው፣ ቁማር ኃጢአት ነው፣ ወንድና ሴት አንድ ሞገድ ላይ አይወጡም ከተባለ ከሰርፊንግ ምን ቀረ? ውርርዱ እኮ ትልቁ ነገር ነበር። ሰው ታንኳውን፣ መረቡን፣ አንዳንዱም ራሱን አስይዞ ይወራረድ ነበር። ኡሚ የሚባለው የትልቁ ደሴት ገዢ ወጣት ሳለ ላውፓሆኤሆኤ ላይ ፓይኤያ ከሚባል አለቃ ጋር ተወራርዶ፣ ፓይኤያ ሞገዱ ላይ ገፍቶ ከአለት ጋር አጋጨው። ኡሚ ነገሩን አልረሳም፤ ሥልጣን ሲይዝ አስገደለው። ለእነዚህ ሰዎች ሰርፊንግ የክብር ጉዳይ ነበር። ያንን ክብር ነው ያረከሱባቸው።

ዘመን_ቆጣሪ፦

ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ሂራም ቢንጋም ራሱ፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ቡድን መሪ፣ የሰሌዳው መቀነስ ከጨዋነት፣ ከሥራ ወዳድነትና ከሃይማኖት መጨመር የመጣ ነው ብሎ ጽፏል፤ እኛ ጨቋኝ ሕግ አላወጣንም ብሎ እየተከላከለ ማለት ነው። ስለዚህ በመቀነሱ አላዘነም። የእኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው። «ሚሲዮናውያን ገደሉት፣ ነጮች አስነሡት» የሚለው ወሬ ውስጥ የሃዋይ ሰው የለም! ሲከለከል ዝም ያለ፣ ሲመለስለት ያጨበጨበ ሕዝብ ተደርጎ ነው የሚሳለው።

እነሱ ግን አላቆሙም። በ1866 አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ትዌይን ሃዋይ ሄዶ ሰርፊንግ ሞክሮ አልቻለም፣ ተወላጆቹ ብቻ ናቸው የሚችሉት ብሎ ጻፈ። ጠፋ በተባለበት ዘመን መሃል ማለት ነው። በ1885 ሦስት የሃዋይ ልዑላን፣ ካዋናናኮአ፣ ኬሊኢአሆኑይና ኩሂዮ፣ ካሊፎርኒያ ለትምህርት በነበሩበት ጊዜ ከዚያው አገር ሬድዉድ እንጨት ሰሌዳ አሠርተው ሳንታ ክሩዝ ላይ ነዱ። ካሊፎርኒያ ሰርፊንግን ያየችው ያኔ ነው፣ በነጭ አይደለም። በ1908 ሆኖሉሉ ባለው በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ የተቋቋመው አውትሪገር ካኑ ክለብ አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፣ እሺ። ግን በ1911 የሃዋይ ልጆች የራሳቸውን አቋቋሙ፣ ስሙንም «ሁይ ናሉ» አሉት፣ የሞገድ ማኅበር። ከመካከላቸው አንዱ ዱክ ካሃናሞኩ ነው። በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ወርቅ አመጣ፣ በ1914 መጨረሻ አውስትራሊያ ሄዶ እዚያው ከተገኘ ጣውላ ሰሌዳ ጠርቦ ፍሬሽዋተር ባሕር ዳርቻ ላይ አሳየ። ሰሌዳው ዛሬም እዚያ አለ።

ሶስና_ኤ፦

ሴቶቹን ረሳችኋቸው እኮ! የሃዋይ ሰርፊንግ የወንድ ጨዋታ አልነበረም። ኬሌያ የማዊ ደሴት ልዕልት ነበረች፣ በሰርፊንግ የሚወዳደራት የለም ይባል ነበር። ካላማኩዋ የሚባል ከኦዋሁ ደሴት ለአለቃው ለሎላሌ ሚስት ፍለጋ የተላከ ሰው ሞገድ ላይ አገኛት፣ ታንኳው ላይ አስወጥቶ ይዟት ጠፋ። ሎላሌን አገባች። ግን የሎላሌ አገር ከባሕር የራቀ መሃል አገር ነው። ኬሌያ ባሕሩ ናፈቃትና ጥላው ሄደች፣ ወደ ዋይኪኪ ወረደች፣ በመጨረሻም ካላማኩዋን አገባች። ተረት ነው በሉ ታሪክ፣ የሃዋይ ሰዎች ሲተርኩት የኖሩት ይኼ ነው፤ ባሕር ናፍቋት ባሏን የተወች ሴት። ካአሁማኑም፣ ያቺ ሁላን ያገደችው፣ በወጣትነቷ ከካሜሃሜሃ ጋር ኮና ላይ ሌሌ ዋአ ትጫወት ነበር። ልዕልት ካኢኡላኒም፣ በ1899 ገና በ23 ዓመቷ የሞተችው፣ ሰሌዳዋ ቢሾፕ ሙዚየም ይገኛል። ትንሽ የኮአ አላያ ናት።

ቃል_ለቃሚ፦

ሶስና እውነትሽን ነው። እኔም ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ ዘመን_ቆጣሪ ያነሣው ነገር ከቋንቋው ጋር የተያያዘ ነው። የተሳሳተው ወሬ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ለምን ይመስላችኋል? እውነቱ ተጽፎ ነበር፣ ግን በሃዋይ ቋንቋ!

ቋንቋው በላቲን ፊደል መታተም የጀመረው በ1822 ነው። ሕዝቡ ማንበብን የተቀበለበት ፍጥነት የሚገርም ነበር። ከ1834 እስከ 1948 ድረስ መቶ ገደማ ጋዜጦች በሃዋይ ቋንቋ ታትመዋል፣ በድምሩ ወደ 125 ሺህ ገጽ። ጠራቢው የጠቀሰው ጆን ፓፓ ኢኢ ትዝታውን የጻፈው እዚያ ነው፣ ከ1866 እስከ 1870። ግን በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከሥልጣን ተነሣች፣ በ1896 ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ልጆቹ የአያቶቻቸውን ጋዜጣ ማንበብ የማይችሉበት ዘመን መጣ። ስለዚህ ታሪኩን የጻፉት እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነቡ ሰዎች ሆኑ፣ የጠቀሱትም ቢንጋምንና ትዌይንን ነው። በ1978 ነው ቋንቋው እንደገና የመንግሥት ቋንቋ የሆነው። በ1984 ደግሞ ወላጆችና መምህራን ካዋይ ደሴት ላይ «ፑናና ሌዮ» የሚባል መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ፤ ፑናና የወፍ ጎጆ ነው፣ ሌዮ ድምፅ።

ጋዜጦቹን ማንበብም ራሱ ቀላል አይደለም። የድሮው አጻጻፍ ጉሮሮ ላይ የሚቆረጠውን ድምፅና የአናባቢውን ርዝመት አያሳይም። በእኛ ላይ ያለውን ችግር አስቡት፣ «ዋና» ተብሎ ተጽፎ ባሕር ውስጥ የሚዋኙት ይሁን የሰዎች አለቃ የሚታወቀው ሲጠብቅና ሲላላ ነው፣ ፊደሉ አይነግርህም። እነሱም ጋ «ኮው» የአንተ ነው፣ «ኮኡ» የእኔ ነው፣ በድሮው ጋዜጣ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። የአንተና የእኔ! አንባቢው ከዐውዱ ነው የሚለየው።

የቦታ ስሞቹም እንዲሁ ተሸፍነዋል። ዋይኪኪ ላይ ሰርፈሮች ዛሬ «ካስልስ» የሚሉት ሞገድ የድሮ ስሙ «ካሌሁዋዌሄ» ነው። ካስልስ ያሉት ዳርቻው ላይ ቤት በነበራቸው በካስል ቤተሰብ ስም ነው። ካሌሁዋዌሄ ግን «የተፈታችው ሌሁዋ» ማለት ነው፤ አንድ ወጣት በተከለከለ ሞገድ ላይ ከአንዲት ልዕልት ጋር ወጥቶ የአንገቱን የሌሁዋ አበባ ጉንጉን ፈትቶ ሰጣት ይባላል። ስሙ ሲቀየር ያ ሁሉ ታሪክ አብሮ ይሄዳል።

የማታ_አንባቢዋ፦

ጠይቄ ይህን ያህል አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። የቢንጋምንና የኢኢን ጎን ለጎን ላነብ ነው። አንድ ትንሽ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። ባሕሩ ጸጥ ሲል ሞገድ የሚጠሩበት ዝማሬ ነበር የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው? እንዴትስ ነው የሚባለው?

ቃል_ለቃሚ፦

እውነት ነው። «ፖሁዌሁዌ» የሚባለውን አሸዋ ላይ የሚሳብ ሐረግ ይቆርጡና አንድ ላይ ሆነው ውሃውን እየገረፉ ይዘምራሉ። መጀመሪያው እንዲህ ነው፦

ኩ ማይ! ኩ ማይ!
ካ ናሉ ኑይ ማይ ካሂኪ ማይ

«ተነሥ! ተነሥ! ከካሂኪ የምትመጣው ታላቁ ሞገድ» እንደማለት ነው። ካሂኪ ታሂቲም ነው፣ አባቶቻቸው የመጡበት ሩቅ አገርም ነው። «ኩ» ላይ ጫን በይና «ማይ»ን ለቀቅ አድርጊው። «ሄኤ» ስትይ ደግሞ ሁለቱን ድምፅ አትዋጪያቸው፣ መሃሉ ላይ ጉሮሮሽ ቆረጥ ይበል። ፊደላችን «ኤ»ን ስላለው ለእኛ ከብዙ ሰው ይቀልለናል።